ብርድ አለ ተብሎ ፍሪጅ አይታለፍም

እሷ፦ የግል መድኃኒት ቤት ተቆጣጣሪ ሲመጣበት መጀመሪያ ምን ይታያል?

እሱ፦ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ፈቃድ ነዋ!

እሷ፦ እሱማ በደቂቃ ያልቃል። እኔ ብሆን ፍሪጁን ነው የምከፍተው።

እሱ፦ ከጉና ተራራ ሥር ተቀምጠን? ደብረ ታቦር ራሷ ፍሪጅ አይደለች እንዴ!

እሷ፦ ቀልዱን ወድጄዋለሁ። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ግን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈልጋል፤ የእኛ ቀትር ከዚያ ይሞቃል። በረዶ ከሠራ ደግሞ ቢቀልጥም አያገለግልም።

እሱ፦ መብራት ሲጠፋስ? ባለቤቱ ምን ያድርግ?

እሷ፦ መብራቱ የእሱ ጥፋት አይደለም። ቴርሞሜትሩን ጠዋትና ማታ አንብቦ መመዝገብ ግን የእሱ ሥራ ነው። ወሩ ሙሉ በአንድ ቁጭታ የተሞላ መዝገብ ካየሁ፣ ከባዶው ይልቅ እሱን እጠራጠራለሁ።

እሱ፦ እኔን የሚያሳስበኝ ያለ ማዘዣ የሚሸጠው አሞክሳሲሊን ነው። ተቆጣጣሪው ቆሞ እያየ ማን ይሸጣል?

እሷ፦ ማንም። ስለዚህ የግዢ ደረሰኙን፣ መደርደሪያውንና የተቀመጡትን ማዘዣዎች ያስተያይ። 100 ፓኬት ገብቶ፣ 10 ቀርቶ፣ ማዘዣው ሦስት ብቻ ከሆነ...

እሱ፦ ዘጠናው የት ሄደ? ስልካችን ክፍት ነው፤ ከፋርጣም ከጋይንትም ደውሉልን።