ስለ ዓሣ ማኖሪያ አሸዋ የተደረገ ንግግር



በሳይንስ ክፍላችን፥ በመስተዋት ሣጥን ውስጥ፥ አራት የቆሮሶ ጫጩቶች ነበሩን። ባለፈው ዓመት እኔ፥ ንጹሕ ይሁን ብዬ፥ ከሥር የተነጠፈውን አሸዋ በሙሉ አውጥቼ በቧንቧ ውሃ አጠብሁት። በሳምንቱ ሦስቱ ሞቱ።

መምህራችን ምክንያቱን አስረዱኝ። በአሸዋው ቅንጣት ላይ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ፤ ዓሦቹ ከሰውነታቸው የሚያወጡትን መርዘኛ አሞኒያ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፥ ቀጥሎም ጉዳቱ ወደሚያንስ ናይትሬት ይለውጡታል። የቧንቧው ክሎሪን እነርሱን ፈጃቸው፤ አሞኒያውም ዓሦቹን።

እንግዲህ አዲስ አሸዋ ውሃው እስኪጠራ ይታጠብ፤ ውፍረቱም ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ይበቃዋል። የቆየው ግን ላይ ላዩ ብቻ ይጽዳ።

እኛ ዘንድሮ ተሰናባቾች ነን። የተረፈችውን አንዲት ዓሣ፥ ከነአሸዋዋ፥ ለታናናሾቻችን አደራ እንላለን።