በማግኔት መስክ የሚዞሩ ቅንጣቶችና የስሌት እውነተኛነት



ፀሐይ ብርሃንዋን የምታገኘው የሃይድሮጂን አስኳሎች ተዋሕደው ሂሊየም ሲሆኑ ከሚወጣው ኃይል ነው። ይህን ኃይል በምድር ላይ ለማግኘት የሚደክሙ ሊቃውንት ዲዩቴሪየምና ትሪቲየም የተባሉትን ሁለት የሃይድሮጂን ዐይነቶች ከመቶ ሚሊዮን ዲግሪ በላይ ያግላሉ። በዚያ ሙቀት አቶሙ ተበትኖ የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው ቅንጣቶች ይሆናል፤ ይህም ፕላዝማ ይባላል። ይህን ግለት የሚችል ዕቃ ስለሌለ መያዣው የማግኔት ኃይል ነው፤ ቅንጣቱም እንደ ሐረግ በማግኔቱ መስመር ላይ እየተጠመጠመ ይጓዛል።

ከውሕደቱ ከሚገኘው ኃይል ከአምስት እጅ አራቱን ኒውትሮን ይዞት ይወጣል። አምስተኛውን እጅ የያዘው የሂሊየም አስኳል ግን በውስጥ ቀርቶ ፕላዝማውን ማሞቅ አለበት። ይቀር ወይስ ያመልጥ እንደ ሆነ ምድጃው ሳይሠራ አስቀድሞ የሚመረምረው ኮምፒዩተር ነው፤ ጉዞውን በጥቃቅን እርምጃ ከፍሎ እያንዳንዱን ያሰላል።

አደጋውም ከዚህ ላይ ነው። ተማሪ በወረቀት ላይ ክብ ሥሎ፣ በአንድ ነጥብ ብቻ ክቡን በሚነካው ቀጥተኛ መስመር ጥቂት ቢሄድ፣ የሚደርሰው ከክቡ ውጭ ነው። ከደረሰበት ተነሥቶ ደግሞ ደጋግሞ እንዲሁ ቢያደርግ መንገዱ እየሰፋ ይሄዳል። በተራው ዘዴ የሚያሰላ ኮምፒዩተርም ማንም ያልሰጠውን ጉልበት ለቅንጣቱ ይጨምርለታል። የማግኔት ኃይል ግን አቅጣጫን ይለውጣል እንጂ ፍጥነትን አይጨምርም። ዕንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ እንዲሄድ፣ ስሕተትም ቀስ በቀስ እውነት መስሎ ይቆማል።

አሜሪካዊው ጄይ ቦሪስ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1970 መፍትሔ አቀረበ። የኤሌክትሪኩን ግፊት ለሁለት ከፍሎ፣ ግማሹን አስቀድሞ ግማሹን አስከትሎ፣ በመካከሉ የፍጥነቱን መጠን ሳይነካ አቅጣጫውን ብቻ ያዞራል። ዘዴው እስከ ዛሬ ይሠራበታል።

በጀርመን አገር በግራይፍስቫልት ከተማ በ2015 ሥራ የጀመረው ቬንደልሽታይን 7-ኤክስ የተባለው መሣሪያ ቅርጹ የተገኘው በኮምፒዩተር ስሌት ነው። ጠማማ የማግኔት ጥቅሎቹ 50 ናቸው። ሊቃውንቱ ግን ስሌቱን አምነው አልተቀመጡም፤ መስኩን ለክተው፣ ከታሰበው የተለየው ከመቶ ሺሕ አንድ እጅ እንደማይሞላ በ2016 አስታወቁ።

እንግዲህ መምህር ተማሪው መልስ ይዞ ሲመጣ «ትክክል ነው» ብሎ ብቻ አይሸኘው፤ «በምን መንገድ አገኘኸው? በምንስ አረጋገጥኸው?» ብሎ ይጠይቀው። ነገ ምድጃውን የሚሠራው ይህን ጥያቄ ዛሬ የለመደ ልጅ ነውና።