ጠዋት ሞጣ፣ ከሰዓት ብቸና

(በማኅበራችን የዘንድሮ የመሰባሰቢያ ቀን የተደረገ ንግግር)



የዝግጅት ኮሚቴው «ያንን የግቢ ጉባኤ ሐዋርያዊ ጉዞ በጨዋታ መልክ አስታውሰን» ብሎ ሲጠይቀኝ ደስ ብሎኝ ነበር። በኋላ የዛሬውን አጀንዳ ሳየው፣ መንገዱ ሰላም ሲሆን በአንድ ሳምንት ስድስት ወረዳ ለሚያዳርስ ጉዞ ገንዘብ ልናሰባስብ ነው። ስለዚህ ጨዋታውን ትንሽ አኮምጥጬዋለሁ፤ ይቅርታ።

ጊዜው 2001 ዓ.ም. ነው፤ የአንደኛው ሴሚስተር ፈተና እንዳለቀ። ከፔዳ ግቢ በር ሌሊት 9 ሰዓት ተነሳን። አንድ የኪራይ አውቶቡስ፣ 50 ልጅ፣ ሁለት ከበሮ፣ አንድ ጆንያ ቆሎ፣ 600 ደብተር። ፕሮግራሙን ያወጣሁት እኔ ነበርኩ፤ ወረቀቱ እስካሁን አለኝ። ከላይ «ጠዋት ሞጣ፣ ከሰዓት ብቸና» ይላል። ዝቅ ብሎ ደግሞ «አምስቱ አዕማደ ምሥጢር፦ 40 ደቂቃ» ይላል። አስቡት እንግዲህ፤ ለምሥጢረ ሥላሴ የደረሰው 8 ደቂቃ ነው!

አዴትን በጨለማ አልፈን ሞጣ ስንደርስ ፀሐይ ወጥታለች። እዚያ ሁሉም ነገር አማረልን። ሕፃናቱ ዛፍ ሥር ተሰብስበው ጠበቁን፣ ዘመርን፣ አጨበጨቡ፣ ደብተር አደልን፣ ደብተሩን ወደ ላይ አስይዘን ፎቶ አነሳን። ግማሾቻችሁ ያንን ፎቶ አሁንም ቤታችሁ አላችሁ፤ እኔም አለኝ። ፎቶው የማያሳየው፣ የልጁ ብዛት ካሰብነው በላይ ሆኖ ደብተሩን ከሞላ ጎደል እዚያው መጨረሳችንን ነው።

ከሞጣ ወደ ብቸና መንገዱ ያኔ ጠጠር ነው። ጮቄን በስተቀኝ እያየን፣ ደብረ ወርቅን አልፈን፣ አቧራ ጠጥተን 9 ሰዓት ላይ ደረስን። ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለች አንዲት ገጠር ቤተ ክርስቲያን ግማሽ ሰዓት በእግር ሄድን። ስሟን አልጠራም። አገሩ የዲማ ጊዮርጊስ አገር ነው፤ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያነበበ ሁሉ ዲማን ያውቃል፤ የቅኔ አገር ነው። እኔ ግን ፕሮግራሙን ሳወጣ ይህ ጨርሶ ትዝ አላለኝም። «የገጠር ሕፃናት» ብዬ ነው የጻፍኩት።

የጠበቁን የቆሎ ተማሪዎች ናቸው። ደበሎ የለበሱ፣ አኩፋዳ ያነገቱ፣ ከየመንደሩ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብለው ቁራሽ ለምነው፣ ከውሻ ተጣልተው የተመለሱ። ፊደል የሚቆጥሩ ትንንሾች አሉ፤ ዳዊት የሚደግሙ አሉ፤ ቅኔ የጀመሩም አሉ። እኔ ቆሜ «ልጆች፣ ምሥጢረ ሥጋዌ ማለት ምን ማለት ነው?» አልኩ። አንድ አሥር ዓመት የማይሞላው ልጅ ተነሥቶ ከእኔ ወረቀት አስበልጦ መለሰልኝ። ቀጥሎ ደግሞ አንድ አሥራ ሦስት ዓመት ገደማ የሚሆነው፣ በፍጹም ትሕትና፣ አንዲት ጉባኤ ቃና ተናግሮ «ጋሼ፣ ይፍቱልን» አለኝ። ጉባኤ ቃና እኮ ሁለት ቤት ናት፤ ከቅኔ ሁሉ አጭሯ! ወርቁ ይቅርና ሰሙም አልገባኝ። ልጁ ሊያዋርደኝ አልነበረም። ዩኒቨርሲቲ ማለት ከሱ ጉባኤ ከፍ ያለ ጉባኤ መስሎት ነው።

ያዳኑኝ የኔታ ናቸው። «ተው ልጄ፣ የሳቸው ጉባኤ ሌላ ነው» አሉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ስንት ጊዜ ትቀመጣላችሁ?» አሉኝ።

«እስከ 11 ሰዓት፣ የኔታ።»

ትንሽ ዝም አሉና «እንግዲያስ ጠላ ቅመሱ» አሉ።

ደብተር ያልደረሳቸው ወደ 40 ልጆች ነበሩ። «በሚቀጥለው ዓመት እናመጣላችኋለን» አልኩ፣ በሙሉ አፌ። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ወረዳ ሄድን። እኔው ነበርኩ ያንንም ፕሮግራም ያወጣሁት።

አሁን የምነግራችሁን ነገር ያኔ አላስተዋልኩትም። ቆሎና ሻይ እንድታድል የመደብናት አንዲት የባዮሎጂ ተማሪ ነበረች። እኔ ከጉባኤ ቃና ጋር ስታገል፣ እሷ ጥግ ላይ ተቀምጣ የኔታን ታይ ነበር። በየጊዜው ወረንጦ ከቀሚሳቸው አውጥተው ሽፋሽፍታቸውን ይነቅላሉ። እናቷ እንዲያ ነበሩና ገባት፤ ትራኮማ ነው። በልጅነት ዐይን እየደጋገመ ሲታመም የሽፋኑ ውስጠኛ ክፍል ይጠባሰሳል፤ ቆይቶ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ይዞርና በእያንዳንዱ ርግብግቢት የዐይንን ብሌን ይፍቃል። በወረንጦ ቢነቅሉት ተመልሶ ይበቅላል። ካልታከመ ያሳውራል፤ ሕክምናው ግን ትንሽ ቀዶ ጥገና ነው፣ ሽፋኑን መልሶ የሚያዞር። ትንንሾቹንም አየች፤ ዐይናቸው ማዝ የያዘ፣ ዝምብ የወረረው። በሽታውን ከልጅ ልጅ የሚያዞረውም ይኸው ነው፤ ፊት በየቀኑ መታጠብ ዋነኛው መከላከያ ነው። የእኔ ፕሮግራም ላይ ንጽሕና «ጊዜ ከተረፈ» ተብሎ የተጻፈ ነበር።

ማታ ብቸና አድረን ጠዋት አውቶቡሱ ሊነሣ ሲል እሷና ጓደኛዋ የሉም። «የኔታን ጤና ጣቢያ ሳናደርስ አንሄድም» ብለው ቀሩ። ተቆጣሁ፤ ስልሳ ደቂቃ አስጠበቁን ብዬ። ጥለናቸው ሄድን። አንድ ቄስ ቤት አራት ቀን ተቀምጠው፣ የኔታን «እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ምን ያደርግልኛል» ከሚለው ክርክር አውጥተው፣ ለቀዶ ጥገና ቀጠሮ አስይዘው፣ ለልጆቹ ከጀሪካን ፊት መታጠቢያ ሠርተው፣ በራሳቸው ገንዘብ ተሳፍረው መጡ። ሪፖርቱ ላይ አልገቡም። «ከፕሮግራም ውጪ» ብዬ ነው ያለፍኩት።

እዚህ የተቀመጡት ታላላቆቻችን ያስታውሱታል፤ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ዲግሪውን ከመያዙ በፊት አንድ ሙሉ ዓመት ጠቅላይ ግዛት ወርዶ ያገለግል ነበር፤ አብዛኛው በመምህርነት። ከባሕር ማዶ የመጡት የአሜሪካ ሰላም ጓዶች እንኳ በ1955 የትምህርት ዘመን ማስተማር ሲጀምሩ ለሁለት ዓመት ነው የመጡት። እኛ የአገሩ ልጆች ለሁለት ሰዓት ሄድን። በክልላችን ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በግጭቱ ስንት ትምህርት ቤት እንደተዘጋ ታውቃላችሁ። ያን ሁሉ ጊዜ ከትምህርት ርቆ የከረመን ልጅ ከበሮ መትተን፣ ፎቶ አንሥተን ብንመለስ እኔ በበኩሌ አፍራለሁ። ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ አጭር ነው፦ ስድስቱ ወረዳ አንድ ይሁን፣ 50ው ሰው አምስት ይሁን፣ ሳምንቱ ክረምት ይሁን። አውቶቡስ የምንከራይበት ብር ለአምስት ሰው የክረምት ቀለብ ይበቃል፤ አስልቼዋለሁ። ተቃውሞ እንዳለ አውቃለሁ፤ ከሻይ በኋላ እንከራከር።

በ2005 ዓ.ም. በሥራ ምክንያት ብቸና ሄጄ፣ ደብተር ገዝቼ ወደዚያች ቤተ ክርስቲያን ወጣሁ። ቃል ከገባሁላቸው ልጆች አንድም አላገኘሁም፤ ዳዊት የደገመው ወደ ዜማ ቤት፣ ቅኔ የጀመረው ወደ ሌላ ጉባኤ ሄዷል። ጀሪካኗ በገመድ ታስራ በር ላይ ተንጠልጥላለች። የኔታ መጽሐፍ ዘርግተው ያነባሉ፤ ወረንጦ የለም። የዩኒቨርሲቲ ልጅ መሆኔን ስነግራቸው ፊታቸው በራ።

«ያቺ ልጅ ደኅና ናት? አገባች?» አሉኝ።

«ደኅና ናት፣ የኔታ፤ አግብታለች።»

«እሰይ። አንተስ የማን ልጅ ነህ?»