የሳፊ ፋይ ካሜራና የገጠር ሴቶች
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



በመሐንዲሶች ጉባኤ ላይ ስለ አንዲት ፊልም ሠሪ መናገር ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ነገር እንደሚሆን አልስተውም። ምክንያቴን ወደ ኋላ ስለምገልጽ ጥቂት ታገሡኝ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሴኔጋላዊቷ ሳፊ ፋይ በ1943 ዳካር ተወለደች፤ ቤተሰቧ ግን ፋድጃል ከምትባል የሴሬር ገበሬዎች መንደር የመጣ ነው። በመምህርነት ስታገለግል ሳለች፣ በ1966 ዳካር በተደረገው የጥቁር ሕዝቦች የኪነ ጥበብ ፌስቲቫል ላይ ከፈረንሳዊው ፊልም ሠሪ ከዣን ሩሽ ጋር ተዋወቀች። በእርሱ ፊልም ተዋናይ ሆና ሠራች፤ ፓሪስም ሄዳ ኢትኖሎጂንና የፊልም ሙያን ተማረች።

በ1975 ያወጣችው «ካዱ ቤይካት» (የገበሬው ድምፅ ማለት ነው) ከሰሐራ በታች ያለች አፍሪካዊት ሴት ሠርታው ለንግድ ትርዒት የበቃ የመጀመሪያው ረጅም ፊልም ነው። የፈጀው ገንዘብ 20,000 ዶላር ያህል ሲሆን የቀረጻ ባልደረቦቹም ሦስት ብቻ ነበሩ፤ በጀት አነሰን እያልን ለምናማርር ሁሉ ይህ ቁጥር ሳይነግረን አይቀርም። ተዋናዮቹ የመንደሩ ሰዎች ናቸው። ዝናብ ጠፍቶ ኦቾሎኒው ስለ ከሸፈበት ጥሎሽ መክፈል ያልቻለ ወጣት ሥራ ፍለጋ ወደ ዳካር ይሰደዳል፤ ገበሬዎቹም በአንድ ሰብል ላይ ብቻ ታስረው የቀሩበትን ምክንያት ዛፍ ጥላ ሥር ይመክሩበታል። ፊልሙ በአገሯ እንዳይታይ ቢከለከልም በ1976 በበርሊን ፌስቲቫል የዓለም አቀፍ የፊልም ተቺዎችን ሽልማት አግኝቷል።

እኔን ይበልጥ የነካኝ ግን በ1980ዎቹ መጀመሪያ የሠራችው «ሴልቤ» የተባለው አጭር ዘጋቢ ፊልም ነው። ሴልቤ የስምንት ልጆች እናት ናት። ባሏ እንጀራ ፍለጋ ከተማ ስለ ወረደ ቤቱን የምታቆመው እርሷ ናት፤ ይህንንም ራሷ ትናገራለች።

አሁን ወደ ምክንያቴ ልመለስ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የገጠር የውኃ ሥራ ላይ የቦኖውን ቦታ ስንመርጥ የጠየቅናቸው የቤት አባወራዎችን ነበር። በእነርሱ ምክር ከመንደሩ በታች፣ ከመንገዱ ዳር ተከልነው። በካርታ ላይ ርቀቱ ከቀድሞው ምንጭ በግማሽ ያጥራል። ከዓመት በኋላ ስመለስ ሴቶቹ አሁንም ከላይ ካለው ምንጭ ይቀዱ ነበር። አንዲት እናት ሳቅ ብለው፣ «ልጄ፣ ባዶ እንስራ ይዞ መውጣትና ሙሉ ይዞ መውጣት አንድ ነው?» አሉኝ። የቧንቧውን ስፋትና የግፊቱን መጠን አሳምሬ ያሰላሁ ሰው መልስ አጣሁ።

ሳፊ ፋይ የመጨረሻ ሥራዋን «ሞሳን»ን ያሳየችው ከፕሮዲዩሰሩ ጋር በተነሣ ክርክር ለዓመታት ከተጓተተ በኋላ በ1996 ነው። እርሷም በየካቲት 2023 ፓሪስ ውስጥ ዐረፈች።

«ሴልቤ» ግማሽ ሰዓት ያህል ብቻ ይወስዳል። የቦርዱ ፈቃድ ከሆነ በሚቀጥለው ስብሰባ፣ ከምሳ በፊት፣ እንዲታይልን አሳስባለሁ።