ስለ እርዳታ አጠያየቅ ለአባላት የተደረገ ንግግር



«የመጸዳጃ ቤቱ ገንዘብ ምን ደረሰ?» እያላችሁ በየመንገዱ ታስቆሙናላችሁ። እውነቱን እንንገራችሁ፤ ማመልከቻችን ተመልሷል። ሰጪ ጠፍቶ አይደለም፣ ጥፋቱ የኛው ነው። ሦስት ገጽ ሙሉ ችግራችንን ስናለቅስ ጻፍን እንጂ ስንት ሰው እንደሚጠቀምበት፣ ቦታው የማን እንደሆነ፣ ከተሠራ በኋላ ማን እንደሚያጸዳው አንዲት መስመር አላሰፈርንም። ዋጋውንም በግምት አስቀመጥነው።

አሁን ጠይቀን ገብቶናል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 ዕድርንና ዕቁብን አይመለከትም። ስለዚህ በዕድራችን ስም ብቻ ብንሄድ የምዝገባ ምስክር ወረቀት የሚጠይቅ ሁሉ ይመልሰናል፤ ከተመዘገበ ድርጅት ጋር ሆነን ነው የምንጠይቀው። የጃፓን ኤምባሲ ለአነስተኛ የኅብረተሰብ ሥራዎች የሚሰጠው እርዳታ አለ። እሱም ለግንባታና ለዕቃ እንጂ ለደመወዝና ለሥራ ማስኬጃ አይሰጥም። የዋጋ ማቅረቢያም ከሦስት ነጋዴ ይፈልጋል። እንግዲህ የጽዳቱና የውሃው ወጪ ከኛው ኪስ ነው የሚወጣው፤ በወር ስንት እንደምናዋጣ ዛሬ ካልተስማማን ባንጀምረው ይሻላል።

ሌላው መዝገባችን ነው። ገንዘብ ያዣችን የሁለት ዓመቱን ሒሳብ እያስተካከሉ ነው፤ ደረሰኝ የሌለው ወጪ ግን ብዙ ነው፣ የድንኳኑ ግዢ ሳይቀር። (ሻጩ «ደረሰኝ አልቋል» ሲለን ዝም ብለን ተሸክመን መጣን።) በእጃችሁ የዕድሩ ደረሰኝ ያላችሁ እስከ እሑድ አምጡልን። ልጆቻችን ለቆጠራ ቤት ለቤት ይዞራሉ፤ ተከራይም ሰው ነውና እባካችሁ አትደብቁብን።