ጣትም ያነባል

(ለአዲስ አንባቢዎች በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)

በመካነ ሰላም፣ በወግዲ፣ በከላላ፣ በሳይንትና በለጋምቦ ተሰብስባችሁ የምታዳምጡን እናቶችና አባቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፣ ይህ ንግግር ታትሞ እጃችሁ ሲገባ በየተራ ጮክ ብላችሁ አንብቡት።

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ዓይነ ስውራን ልጆች ትምህርት ነው። እኔ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነኝ። ጉዳዩ ግን የመምህር ብቻ አይደለም። የእናትና የአባት፣ የጎረቤትና የቅሬ ጉዳይ ነው።

አስቀድመን አንድ አባባል እናንሣ። «ያልተማረ ሰው ዕውር ነው» ይባላል። ፊደል የቆጠረ ጎልማሳም «ዓይኔ በራ» ይላል። ደስታውን ለመግለጽ ነው፤ ክፋት የለበትም። ነገር ግን ዓይነ ስውር ልጅ ያለው አባት ይህን ሲሰማ ምን ይላል? «ታዲያ የእኔ ልጅ በምኑ ይማራል?» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። እውነቱ ሌላ ነው። የሚማረው አእምሮ ነው። ዓይን አንድ በር ነው። ጆሮም በር ነው። ጣትም በር ነው።

ይህ ለወሎ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ዜማውንና ቅኔውን በቃላቸው ይዘው ዓይናማውን የሚያስተምሩ ዓይነ ስውራን መምህራን አሉ። ቁርአኑን በቃላቸው የያዙም አሉ። ይህን ሁሉ የሚይዝ አእምሮ ሒሳብና ሳይንስ እንዴት ያቅተዋል?

«በቃል መያዙስ ይሁን፤ መጻፍና ማንበብ እንዴት ይሆናል?» የሚል ይኖራል። እስቲ እንየው።

በፈረንሳይ አገር ሉዊ ብሬይል የሚባል ልጅ እ.ኤ.አ. በ1809 ተወለደ። አባቱ ቆዳ ሠሪ ነበር። ሉዊ በሦስት ዓመቱ በአባቱ ወስፌ ሲጫወት ዓይኑን ወጋው። ሕመሙ ወደ ሌላው ዓይኑ ተዛመተና ሁለቱም ጠፉ። ይህ ልጅ በ15 ዓመቱ በጣት የሚነበብ ጽሕፈት ሠራ። ጽሕፈቱ በስሙ ብሬይል ይባላል። የሚጻፈውም በምን መሰላችሁ? ወስፌ በመሰለ ትንሽ መውጊያ ነው! ወፍራም ወረቀት በመጻፊያ ሰሌዳ ይያዛል፤ በመውጊያው ይወጋል። ወረቀቱ ሲገለበጥ ነጥቡ አብጦ ይወጣል። ያን ጊዜ ጣት ይዳስሰዋል፤ ያነበዋል።

የብሬይል መሠረት ስድስት ነጥብ ነው። ሦስቱ በግራ፣ ሦስቱ በቀኝ ይደረደራሉ። ከስድስቱ 63 ዓይነት ምልክት ይወጣል። በአማርኛም ይጻፍበታል። ለተነባቢው አንድ ምልክት፣ ለአናባቢው ሌላ ምልክት አለው። ስለዚህ ከ200 በላይ የሆነውን ፊደላችንን አንድ በአንድ መሸምደድ የለበትም። እናንተ ከሀ እስከ ፐ ስትወርዱ የደከማችሁትን ታስታውሱ የለ? በዚህ በኩልስ ዓይነ ስውሩ ተማሪ ሳይቀላችሁ አይቀርም።

አሁን ከዚሁ ከአገራችን ሰው ምሳሌ እንውሰድ። ወይዘሮ የትነበርሽ ንጉሤ የተወለዱት በ1974 ዓ.ም. በሳይንት ነው። በአምስት ዓመታቸው ዓይናቸው ጠፋ። ቤተሰባቸው ግን «እንግዲህ አለቀ» ብሎ ጥግ አላስቀመጣቸውም። ሻሸመኔ ወዳለው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተላኩ። ከዚያም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተምረው ተመረቁ። ስለ አካል ጉዳተኞች መብት ሲሟገቱ ኖረው በ2010 ዓ.ም. «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን በስዊድን የሚሰጥ ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። እኒህ ሴት በአደባባይ የተናገሩት አንድ ነገር አለ። በአገራቸው ልጃገረዶች ገና በልጅነታቸው ይዳሩ ነበር። እርሳቸው ዓይነ ስውር በመሆናቸው ከዚያ አመለጡ፤ ትምህርትም አገኙ። እናቶች፣ ይህን ልብ በሉ። ዓይናማዋም ዓይነ ስውሯም እኩል ትማር ዘንድ ይገባል።

ሻሸመኔና ሰበታ ሩቅ ናቸው። ልጁን ሁሉ ወደዚያ መላክ አይቻልም። የሚበዛው ልጅ የሚማረው ከዓይናማዎቹ ጋር በአቅራቢያው ትምህርት ቤት ነው። ታዲያ ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ልጁ ወደ ሐኪም ይሂድ። የጠፋ የሚመስል ዓይን ሁሉ የጠፋ አይደለም። የዓይን ሞራ በቀዶ ጥገና ሊገፈፍ ይችላል። ጥቂት የሚያይ ልጅም መነጽር ሊረዳው ይችላል። በጤና ኬላ ጠይቁ። ደሴ አጠገብ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ለዓይን ሕክምና የታወቀ ነው። ለሌሎቹም ልጆች ፊታቸውን በውኃ ማጠብ፣ ዝንብን መከላከል፣ የኩፍኝ ክትባት ማስከተብ አትርሱ። የዓይን ማዝና ኩፍኝ ዓይን ያጠፋሉ።

ሁለተኛ፣ ልጁን አትደብቁት፤ አትሸከሙትም። «የፈጣሪ ቁጣ ነው» ብሎ ጓዳ ማስቀመጥ ልጁን ሁለት ጊዜ ማሳወር ነው። በገበያ ዳር ለልመና ማስቀመጥም እንዲሁ። በትር ይያዝ። ግቢውን፣ ምንጩን፣ የጎረቤቱን ደጅ ይልመድ። እንጀራውን ራሱ ይቁረስ፤ ልብሱን ራሱ ይጠብ።

ሦስተኛ፣ ጣቱን አሠልጥኑለት። ምስርና አተር፣ ባቄላና ሽምብራ ደባልቃችሁ ስጡትና ይለይ። ከዚያ እንደ ገበጣ ስድስት ጉድጓድ በጣውላ ላይ ፈልፍሉለት፤ ሦስት በግራ፣ ሦስት በቀኝ። ባቄላ እየጨመረ ይለማመድ። የግራው ሦስቱ ሲሞሉ የ«ለ» ተነባቢ ምልክት ይሆናል። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም። ትምህርት ቤቱ በተዘጋ ጊዜም በቤት ይሠራል።

አራተኛ፣ መንገዱን ተካፈሉት። የእኛ አገር ገደልና ወንዝ ነው። በክረምት ደግሞ ጭቃው አይጣል ነው። ብዙ ጊዜ መሪ የምትሆነው ታናሽ እኅት ናት። ወንድሟን አድርሳ እርሷ ከትምህርት ትቀራለች። እንዲህ ከሆነ አንዱን ስናስተምር አንዷን አስቀረን ማለት ነው። የመንደሩ ተማሪዎች በሳምንት ተራ ይግቡ። አምስት ልጆች ካሉ ለእያንዳንዳቸው አንድ ቀን ነው። ማንም አይጎዳም።

አምስተኛ፣ መምህሩን አነጋግሩ። መምህር በጥቁር ሰሌዳ ላይ የሚጽፈውን ጮክ ብሎ ቢያነበው ለዓይነ ስውሩ ይበቃል፤ ለሌላውም ይጠቅማል። ፈተናውን በቃል ሊጠይቀው ይችላል። «አልቀበለውም» የሚል ቢገጥማችሁ አትመለሱ። አገራችን በ2002 ዓ.ም. የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት አጽድቃለች። በዚያ መሠረት ልጅ በጉዳቱ ምክንያት ከትምህርት አይገለልም። ወደ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ጠይቁ። የብሬይል መምህር፣ ወረቀትና መጻፊያ እንዲመጣም በጽሑፍ አመልክቱ። አሁን እኮ ማመልከቻ መጻፍ ተምራችኋል!

ስድስተኛ፣ ቅሬው ይነሣ። ቅሬ ሰው ሲሞት ብቻ ለምን ይሰበሰባል? ክርስቲያኑም እስላሙም አብሮ የሚያዋጣበት ነው። ከየቤቱ በየወሩ ጥቂት ሳንቲም ቢወጣ የብሬይል ወረቀትና መጻፊያ ይገዛል። ልጁ ከፍ ብሎ ወደ ከተማ ሲወጣም የቤት ኪራዩን ያግዛል። ለአንድ ድኻ እናት ይህ ከባድ ሸክም ነው። አባቶቻችን ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ያሉት ለዚህ ነው።

ወገኖቼ፣ እናንተ ዕድሜያችሁ ከገፋ በኋላ ፊደል ይዛችኋል። «በዚህ ዕድሜ ምን ሊሆን ነው?» ያላችሁ አልነበረም? ዓይነ ስውሩንም ልጅ «በዚህ ዓይኑ ምን ሊሆን ነው?» ይሉታል። መልሱን ከማንም ይልቅ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ዛሬ ማታ ከጉባኤያችሁ ስትለያዩ እያንዳንዳችሁ አስቡ፤ በመንደራችሁ ከቤት የቀረ ዓይነ ስውር ልጅ አለ? ካለ ነገ ጠዋት ደጁን አንኳኩ።

በሚቀጥለው ንግግራችን እስክንገናኝ ደኅና ሁኑ።

ለውይይት የቀረቡ ጥያቄዎች

1. በቀበሌያችሁ ትምህርት ቤት ያልገቡ ዓይነ ስውራን ልጆች ስንት ናቸው? ለምን ቀሩ?
2. ከእነርሱ መካከል ሐኪም ያላየው አለ? ማን ይወስደዋል?
3. ቅሬያችሁ በየወሩ ምን ያህል ሊያዋጣ ይችላል?
4. መንገድ መሪ ልጆች ተራ የሚገቡት እንዴት ነው? ስማቸውንና ቀናቸውን በወረቀት ጽፋችሁ በትምህርት ቤቱ በር ላይ ለጥፉ።