ሽመላ ባሕሩን ለምን ይዞራል?

(የመለያ ሙዚቃ ቀስ እያለ ይጠፋል)

አቅራቢ፦ ወረዳችን ዲማ ባሕር የላትም፤ የአኮቦ ወንዝ ግን አላት። ውኃው በፒቦርና በሶባት አድርጎ ነጭ አባይ ይገባል። ከአውሮፓ ክረምት የሚሸሹ ብዙ ነጭ ሽመላዎችም ወደ አፍሪካ የሚዘልቁት የአባይን ሸለቆ ይዘው ነው።

ሽመላ 2 ሜትር ያህል የሚሰፋ ክንፉን ዘርግቶ ሳያርገበግብ የሚንሳፈፈው ከጋለ መሬት በሚነሳ ሞቃት አየር ነው። ይህ አየር ባሕር ላይ እምብዛም ስለማይገኝ ሜዲትራኒያንን በቱርክና በሲና በኩል ይዞራል።

ነጭ ገላ፣ ጥቁር የክንፍ ጠርዝ፣ ቀይ መንቁርና ቀይ እግር ካያችሁ እሱ ነው። ፌንጣና አንበጣ ለቃሚ የገበሬ ወዳጅ ነውና፣ ራቅ ብላችሁ ተመልከቱት። ልጆቻችንም ድንጋይ እንዳይወረውሩበት አደራ። ከሩቅ የመጣ እንግዳ ነው።